ሥራነሽና የዚያ ክረምት አራት ካንዴላዎች

ምስጋናው አምስት ደቂቃ ብቻ ፈቅዶልኛል። ሥራ አስኪያጃችን ስለሆነ እሺ ብያለሁ። ሰዓት የሚይዝብኝ ሰው አለመመደቡ ግን የራሱ ጥፋት ነው።

ለማታውቁኝ እንግዶች እንዳላማው እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህ የጤና መምሪያ ጋራዥ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ጡረታ ወጥቼ ስምንት ወር ቤት ብቀመጥ፣ ባለቤቴ እዚህ ድረስ መጥታ ለምና በኮንትራት በር ጠባቂ አድርጋ አስመለሰችኝ። ስለዚህ ጡረተኛ የሚሸኝ ጡረተኛ እያያችሁ ነው።

ሥራነሽ የመጣችው በ1981 ዓ.ም. ነው፤ መስከረም ላይ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ። በግምጃ ቤቴ መስኮት ብቅ ስትል መንገድ የጠፋት መስሎኝ «የኔ እመቤት፣ የታይፕ ክፍሉ በወዲያ በኩል ነው» አልኳት።

«አይቼዋለሁ፣ አልፌው ነው የመጣሁት። የካንዴላ መፍቻ ይኖርዎታል?» አለችኝ።

ካንዴላ፣ ለእንግዶች ልንገር፣ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን የሚለኩስ፣ ወገቡ ሸክላ የሆነ፣ ጣት የሚያህል ዕቃ ነው። የዚያኑ ዕለት እኛ ጎረምሶቹ ተማከርንና የአንዲት መኪና አራት የካንዴላ ገመዶች አዛብተን «እስኪ አስነሺልን» አልናት። ቁልፉን ስታዞረው መኪናዋ አንዴ አስነጠሰች፣ ቀጥላ በጭስ ማውጫዋ ተኮሰች፤ የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ሥራነሽ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ገመዶቹን በጣቷ እየተከተለች «አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት» እያለች ወደየቦታቸው መለሰች። ሞተሩ ተነሣ። ከዚያ ዞር ብላ ይህን ያህል ማዛባት የሚችል ሰው ሥራ የሚያውቅ መሆን አለበት፣ ማን እንደሆነ ንገሩኝና ልማርበት አለች። ማንም አልተናገረም። እኔም ዛሬ አልናገርም።

በሁለተኛው ሳምንት «እርስዎ» ማለቱን ትታ «አያ እንዳላማው» አለችኝ። መጣላት የጀመርነውም ያኔ ነው።

ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ አሮጌውን ካላስረከብክ አዲስ አይሰጥህም። ሌላው መካኒክ አራት አሮጌ ያመጣል፣ አራት አዲስ ይወስዳል፣ ያልቃል። ሥራነሽ አንድ ይዛ ትመጣለች። እኔ ደግሞ በቅጹ ላይ አራት እያለ አንድ መስጠት አይሆንልኝም። አራቱንም ቀይሪና ገላግይኝ ስላት «ሦስቱ ምን በደሉ?» ትለኛለች። በስንት ካንዴላ በዚያች መስኮት ላይ ተከራክረናል።

ለእሷ ካንዴላ የሚነበብ ደብዳቤ ነው። ከሞተሩ ነቅላ በጋዜጣ ላይ በተራ ትደረድራቸዋለች፣ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም፣ ራዲዮ ታስዘጋለች። አንድ ቀን ሾፌራችን አምሳሉ መኪናው አቅም አጥቶ እየተንገጫገጨ መጣ። ጥላሸት የመሰለውን የካንዴላ ጫፍ አየችና «አንተ፣ የአየር ማጣሪያውን ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ?» አለችው። ሲከፈት ግማሹ የደምበጫ መንገድ አቧራ እዚያ ውስጥ ነበር። ሌላ ቀን ይኸው አምሳሉ ከሦስት ሰው ጋር መኪናውን እየገፋ ገባ። ባትሪው፣ ገመዱ፣ ካንዴላው ሁሉ አልቆለታል አለ። እሷ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተችም፤ ቤንዚን አለው ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችው። አምሳሉ፣ አትሸፋፈን፣ ሁሉም ያውቀዋል።

አንተም ምስጋናው፣ አትሳቅበት። አዲስ ኢንጂነር ሆነህ የመጣህ ሰሞን ገመዱን በእጅህ ይዘህ «ይሄ እሳት የለውም» ስትል አስታውሳለሁ። ሥራነሽ በፒንሳ ያዘው ብላህ ነበር። አልሰማህም። ቁልፉ ሲዞር ግን ከመሬት ተነሥተህ ጎማ ክምር ላይ ነው ያረፍከው። እሷም መዝገቧን አውጥታ «እሳት አለው» ብላ ጻፈች።

አሁን ስለ እኔ ልናገር። ይህን ንግግር የለመንኩት ለዚህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ጡረታዬ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሥራነሽ ለቤንዚኑ ፒክአፕ አራት አዲስ ካንዴላ ጠየቀች። አሮጌዎቹን አስረከበች፣ እኔም ሰጠኋት። ገጠመቻቸው፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ሞከረችው፣ እንደ ሰዓት ሠራ። በማግስቱ አምሳሉ በዚያ መኪና የሕፃናት ክትባት ጭኖ ወደ ይጁቤ ጤና ጣቢያ ወረደ። መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘው። ሞተሩ መጀመሪያ ተንተባተበ፣ ቀጥሎ ቆመ። ሌላ መኪና እስኪደርስለት የማቀዝቀዣ ሣጥኑ በረዶ ቀልጦ ክትባቱ ተበላሸ። ይጁቤ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁ ውለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ሥራነሽ ካንዴላዎቹን ነቅላ ወደ መስኮቴ መጣች። ሸክላቸውን በጥላሸት አሽታዋለች፤ በሁለቱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ጠቁሮ ወጥቷል። በደረቅ ቀን አያስታውቅም። እርጥበት ሲገባበት እሳቱ በዚያ ስንጥቅ ወደ ውጭ ያመልጣል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፤

«አያ እንዳላማው፣ ይሄ ዕቃ ወድቆብህ ነበር?»

«አልወደቀም» አልኳት።

አየችኝ። «እሺ» አለች። ቅጹን ፈርማ አዲስ ወስዳ ሄደች።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ማን ገጠመው ተባለ። «እኔ ነኝ የገጠምኩት» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። «በቸልተኝነት» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። በዚያ ዓመት ይደርሳት የነበረው የቡድን መሪነትም አለፋት፣ ተመልሶም አልመጣላትም። በእኔ ሽኝት ቀን ግን ከሁላችሁም በላይ ያጨበጨበችው እሷ ነበረች። እኔም ጋቢዬን ለብሼ ምርቃት ተቀበልኩ።

ትናንት ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ አስቆምኳትና ዛሬ እንደምናገር ነገርኳት። ተወው አለችኝ፣ ያለፈ ነው። ቀጥላም «ጡረታህን ቢነኩብህስ?» አለች። እስከ ዛሬ የምትፈራው ለእኔ ነው። በሩን ልከፍትላት ስል ደግሞ ቆም አለችና «ደብዳቤው አይደለም ያመመኝ። ፊቴን እያየህ ‹አልወደቀም› ማለትህ ነው» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ይኸው ቃል አላስተኛኝም።

ሥራነሽ፣ ወድቆ ነበር። ሙሉ ካርቶኑ፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ሲሚንቶ ላይ። እኔ ነኝ የጣልኩት። የብልሽት ሪፖርት ብጽፍ ኮሚቴ ግምጃ ቤቴ ይገባል፣ ጡረታዬ ይጓተታል ብዬ ፈራሁና አብሼ መለስኩት። ጠይቀሽኝ ዋሸሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ይህንኑ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ዛሬ ጠዋት ለሰው ሀብት ክፍሏ ለዓይናዲስ አስረክቤያለሁ። ምስጋናው፣ ፋይሏ ወደ ጡረታ ከመሄዱ በፊት ያ ደብዳቤ ይውጣ። የእኔ ጽሑፍ በቦታው ይግባ። የሚመጣብኝን እቀበላለሁ።

እናንተ መካኒኮች፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ዕቃ ሳይገዛ መፍትሔ መፈለግን ያስተማረቻችሁ እሷ ናት። ለአራት የሹፌር ትውልድ ከባትሪው ጫፍ ጀምር እያለች ደክማለች። ሥራነሽ፣ ስለ ሁሉም እናመሰግንሻለን። ጌቱ፣ ባለቤትህን ሠላሳ ሰባት ዓመት ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተች ነው የላክንልህ፤ አሁን ሙሉዋን ውሰዳት። ሃኒ፣ እናትሽ ቤት ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ ፈትቼ ካላየሁ ስትል ታገሻት። ሥራነሽ፣ እግዚአብሔር ጤናውን ይስጥሽ፣ ጉልበትሽን ያቆይልሽ፣ የልጅ ልጅ ያሳይሽ።

በሉ ብርሌያችሁን አንሡ። ለሥራነሽ ጠጡ፣ ለንጹሕ ስሟ። እኔ ግን እሷ ሳትጎነጭ አልጎነጭም። ዛሬ ካልሆነላትም ይገባኛል። ጠጄን ይዤ እዚሁ እቆማለሁ።