ሁለት ጊዜ የተቀየረው መርገጫ

የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ሚሊሜትር» የሚላቸው አዛውንት ልብስ ሰፊ፣ በልኬት ቀልድ አያውቁም። ያን ቀን ጠዋት ግን አንጀታቸው አሯል፤ የስፌት መኪናቸው መርገጫ ሁለት ጊዜ ተቀይሮም አልታዘዝ ብሏቸው «ደነዝ!» እያሉ ይሰድቡታል። እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው እየረገጡ ሳለ አንዲት ወጣት ነጭ ጋዋን ይዛ ገባች። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ጠቅላላ ሕክምና የምትሠለጥን ሐኪም ናት፤ እጅጌው ረዝሞባታል።

«ስለ እናንተ ነገ ምክር ቤት ድምፅ እንሰጣለን» አሏት፣ ሜትሩን ከአንገታቸው እያወረዱ። የሰፈሩ ተወካይ ናቸው። «አልደብቅሽም ልጄ፣ እኔ የሥልጠናችሁ በጀት ይቅር ባይ ነኝ። ገንዘቡ ለትልቁ ሆስፒታል መሣሪያ ይግዛበት። ዓይንም ኩላሊትም የየራሱ ሐኪም አለው። ሁሉንም ትንሽ ትንሽ የሚያውቅ ሰው በሕዝብ ገንዘብ ማስተማር ምን ይሉታል?»

ወጣቷ ቅር አላላትም። «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ሥራ እንዴት ትከፋፈላላችሁ?»

«አንዷ ቁልፍ ትሰፋለች፣ አንዱ ይተኩሳል፣ እኔ መኪናው ላይ ነኝ።»

«ልኬቱንስ ማን ይወስዳል?»

«እሱን ለማንም አልሰጥም» አሉ ፈርጠም ብለው። «የሚለካ ሰው፣ ሰውየውን አገላብጦ ያያል። አንዱ ትከሻው ዘንበል ያለ ነው፣ ሌላው ሆዱን ይደብቃል። ልኬቱ ከተበላሸ የቁልፉ ማማር ምን ይረባል?»

«እኛም የምንማረው ልኬቱን ነው፤ ሰውን ሙሉውን ማየት። ይህን ሁሉም ከኪሱ ከፍሎ ይማር ከተባለ፣ የተማረው ገበያ ወዳለበት ይሄዳል፤ ሰፈሩ ያለ ሐኪም ይቀራል።»

ጋሼ መርገጫውን እንደገና ሲጫኑ፣ ዓይኗ እግራቸው ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ እግርዎን እስቲ ያንሱልኝ።»

ተረከዛቸው ውስጥ አንድ የልብስ ስፒል እስከ አናቱ ገብቷል። ጋሼ ሚሊሜትር ምንም አልተሰማቸውም። ተንበርክካ ነቀለችላቸውና ስለ ውሃ ጥም፣ ስለ ዓይናቸው ጠየቀቻቸው። መነጽራቸውን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ ቀይረዋል፤ ጥሙን የሙቀቱ ነው ብለው ትተውታል።

«እግሩን፣ ጥሙንና ዓይኑን፣ ሦስቱን አንድ ላይ የጠየቀዎት ሰው አለ?»

«ማን ይጠይቀኛል?»

«ስኳር ሳይሆን አይቀርም። ዛሬውኑ እንመርምርዎት፤ በጊዜ ከተያዘ እግርዎ ይተርፋል።»

ጋሼ ሚሊሜትር ፈሩ፤ መፍራታቸውንም አልደበቁም። ደነዝ እያሉ የሰደቡትን መርገጫ አዩትና አፈሩ።

ምርመራው እንዳለችው ሆነ። በማግስቱ በፋሻ የታሰረ እግራቸውን ይዘው ምክር ቤቱ ፊት ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ ስንት ወር ሙሉ መኪናዬን ሳስጠግን ከረምኩ፤ የታመመው ግን ረጋጩ ነበር። መሣሪያው ይምጣ፣ አልጠላም። እኔን ያየችኝ ግን መሣሪያ ሳትሆን ሕዝብ የሚያስተምራት ልጅ ናት። እንደሷ ያለ በየጤና ጣቢያው ከተገኘ በሽታ ሳይከፋ ይያዛል፣ ሆስፒታሉም ፋታ ያገኛል፣ ድሃውም ለአንድ ሕመም ሦስት በር አያንኳኳም።» ብለው እጃቸውን ከሁሉም ቀድመው አወጡ። በጀቱ ጸደቀ።

ከሳምንት በኋላ ወጣቷ ስትመጣ ጫማ አድርገው አገኘቻቸው።

«ዶክተር፣ ይሞክሩት እስቲ» አሉና ጋዋኑን አለበሷት። ልጄ ማለቱን ትተውታል። እጅጌው ልክክ አለ። «አዲሶቹ ሠልጣኞች ሲመጡ ለሌላ ሰፊ እንዳይልኩብኝ።»

ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውንም ዘረጉላት።

«በሉ እንግዲህ፣ አሁን እርስዎ ይለኩኝ።»