ጣታቸው ንጹሕ የሆነ ሰው

በፈረንሳይ የወይን አገር በሜዶክ፣ የወይን ለቀማው ያለቀ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ግቢው ውስጥ ሲሰባሰብ፣ ኦዲል ወደ ጥብሱ እሳት ጠጋ አለች። ሠላሳ ዓመት በዚህ ቤት በርሜል ስትሞላ የኖረች ሴት ናት። አምና ግን የወይን መጋዘኑ ቁልፍ ከከተማ ለመጣ ሰው ተሰጠ። ይኸው ሰውዬ አሁን ከቤቱ እመቤት ከማዳም ኦርታንስ ጎን ተቀምጦ ሸሚዙን ያስተካክላል። ኦዲል ቁልፉ አንገብግቧታል፤ ከቁልፉ በላይ ደግሞ ወይኑ። እየተበላሸ ነው ብትል ቅናት ነው ይሏታል። ስለዚህ ጀርባዋን ለገበታው ሰጥታ፣ ግን ገበታው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ ለባለ ሉካንዳው ለላባት ማውራት ጀመረች።

«እንዴት ዋልክ ላባት ወንድሜ? ወገብህ ተሻለህ? እሰይ! ይቺ ፀሐይስ ብትሆን... ለእኛ ብላ የወጣች አትመስልም? ወይ ጎድን! በወይን ጭራሮ ነዋ የምትጠብሰው። ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ ጣል አድርግበት፣ እንዳያርብህ። ስብ ያለው ሥጋ፣ በርሜል ውስጥ ከርሞ የበሰለ ቀይ ወይን... ሌላ ምን ያስፈልጋል? ወይኑ ስቡን ያጥባል፣ ሥጋው ደግሞ ምላስ የሚያደርቀውን የወይኑን ጥንካሬ ያለሰልሰዋል። ወይኑ ካለ ማለቴ ነው...

«እኔ ሰው አላማም፣ ታውቀኛለህ። አንዳንዱ ግን ሲፈጥረው ጨዋ ነው። ጣታቸውን አይተህልኛል? ዓይን አይግባበት፣ እንዴት ንጹሕ ነው! የኔን እየው፣ ሰኞ ሰኞ በርሜል ውስጥ እየነከርኩ ጠቁሮ ቀረ። ‹ወይን እንጨት ውስጥ ሲቀመጥ ይጎድላል፣ አየር ከገባበት አለቀለት፣ ሙሉት› እያሉ አሳድገውን... በከንቱ ስንለፋ ኖርን በለኝ! የተማረ ሰው እንደኛ አይዋከብም። ‹ይተኛበት፣ ምን ያስነሳዋል?› ብለው ይተውታል። እንዲህ ለእንቅልፍ የሚራራ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ደግሞስ ሰኞ ሰኞ ቴኒስ አለባቸው አሉ... ደግ አደረጉ! ጤና አይበልጥም? ክዳን ከፍቶ ጣት ነክሮ ማየት የኛ የባላገሮች ነገር ነው። ዛሬ ማን ነው የሚያየው?...»

ማዳም ኦርታንስ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሳች፤ ቁልፉን ከሰውየው ተቀብላ ወደ መጋዘኑ ገባች። ሰውየው ማኘኩን ተወ። ኦዲል ስለ ሽንኩርት ማውራቷን ቀጠለች።

ማዳም ስትመለስ ጣቷን ቀጥ አድርጋ ይዛለች። ደረቅ ነው። አሥር በርሜል ከፍታ ጣቷን እስከ ሥሩ ብትሰድ ወይን አልነካችም። ሁለቱ እንደሆነ ወይናቸው ኮምጥጦ ገና ክዳናቸው ሲነሳ አፍንጫ ይሰነጥቃሉ፤ የቀሩት ዛሬውኑ ከተሞሉ ይድናሉ። ሰውየውን አልፋ መጣችና ቁልፉን ኦዲል መዳፍ ላይ አኖረችው።

ኦዲል በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ሰውየው ኮቱን ሲያነሳ ግን ድምፅዋን እንደ ማር አጣፍጣ ወደ ላባት ዞረች።

«በል አሜን በልልኝ ላባት! እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ መንገዳቸውን ያቅናላቸው። ትዳራቸው ይባረክ፣ ልጆቻቸው ይደጉ... ገበታቸውም ዘወትር ሰላጣ በሰላጣ ይሁን፤ አቼቶውን እንደሆነ ለሰባት ትውልድ የሚበቃ በገዛ እጃቸው ሠርተዋል።»