የካምፓላው ሚሊዮንና የጊፋታው በሬ

በነሐሴ ወር በአንዱ ቅዳሜ ወደ በዴሳ ገበያ ልሄድ ሶዶ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ጎረቤቴ አቶ ቦልቴ ከልጃቸው ከሩት ጋር ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ደንገጥ አልኩ። አቶ ቦልቴ በቅርቡ ከቅርጫ ማኅበራችን ወጥተዋል። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በዓል በሬ ለመግዛት ዓመቱን ሙሉ አብረን ከምናዋጣበት ማኅበር ማለቴ ነው። በእኛ አገር ሰው ከዕድር ቢወጣ ይወራበታል፤ ከጊፋታ ቅርጫ ከወጣ ግን ጤናው ይጠየቃል።

«ደህና ነዎት ወይ፣ አቶ ቦልቴ?» አልኳቸው ከልቤ።

«ጌታ ይመስገን! በሬ ልመርጥ ነው የምሄደው፣ መምህር። ሙሉ በሬ፣ ለብቻዬ! ዘንድሮ እናንተ ተካፈሉ። ሩት ካምፓላ ይሄዳል፤ ሚሊየነር ሆኗል።»

አቶ ቦልቴ በአማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ዓይን ያያሉ፤ ልጃቸውም ለምዳዋለች። ሩት የሂሳብ ባለሙያ ናት። የምትሠራበት ድርጅት ከናይሮቢና ከካምፓላ ቢሮዎቹ አንዱን መርጣ እስከ ሰኞ እንድታሳውቅ ነግሯታል።

«አባዬ፣ ገና አልመረጥኩም እኮ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን ምርጫ አለው? ናይሮቢ በወር መቶ ሃያ ሺህ ሽልንግ፣ ካምፓላ ሦስት ሚሊዮን ሽልንግ! ይሄ እኮ የሕፃን ጥያቄ ነው።»

«ሽልንጉ ይለያያል፣ አባዬ። እህል ይነግዱ በነበረ ጊዜ የሁሉም ነጋዴ ጣሳ እኩል ነበር?»

«የት እኩል! አንዳንዱ ጎኑን ቀጥቅጦ ነው የሚሰፍረው። እኔ ጣሳውን ሳላይ ዋጋ ጠይቄ አላውቅም።»

«እንግዲህ የኡጋንዳው ሽልንግ ትንሿ ጣሳ ናት። ሦስት ሚሊዮኑ በኬንያ ሽልንግ ሲመነዘር መቶ ሃያ ሺህ እንኳን አይሞላም።»

ከኋላችን ቅቤ ይዘው የተቀመጡ አንዲት ነጋዴ «ውይ፣ ሚሊዮኑ ቀለጠ!» አሉ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። አቶ ቦልቴ ግን ቶሎ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

«እንግዲያው ናይሮቢ! የሚበልጠው እሱ ከሆነ እሱ ነው።»

«አሁንም ጣሳውን ሳያዩ ነው፣ አባዬ። እዚያ ያሉትን ባልደረቦቼን ጠይቄያለሁ። ናይሮቢ ለቢሮው ቅርብ ቤት ልከራይ ብል የደመወዜ ግማሽ ለኪራይ ይሄዳል፤ ራቅ ብዬ ብከራይ ደግሞ ትራንስፖርቱ ይጨርሰኛል። ካምፓላ ግን ባልደረባዬ በሲሶ ደመወዟ ደህና ቤት ይዛለች፤ አስቤዛውም ይረክሳል ትላለች። ስንት ገባ ሳይሆን ወሩ ሲያልቅ ስንት ተረፈ ነው ቁም ነገሩ።»

«ስለዚህ የሚሻለው ካምፓላ ነው?»

«አዎ፣ ካምፓላ።»

«ታዲያ እኔ ከመጀመሪያው ምን አልኩ!» ብለው ጭኔን መቱኝ። «መምህር፣ ይመስክሩ፤ እኔ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው የደረስኩበት!»

እኔም ሳቅኩ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁላችንም ደስ ብሎን እንወርድ ነበር። ሩት ግን አልሳቀችም።

«አባዬ፣ የሦስተኛው አገር ወጪ ይቀራል።»

«የቱ ሦስተኛ?»

«ሶዶ።»

«ሶዶ ደግሞ ምን አደረገ?»

«በሬው አለ። ለአጎቴ ልጅ ሞተር ሳይክል፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ ለእናቴ ወንድም የጣሪያ ቆርቆሮ ብለዋል። ሁሉንም በእኔ ስም ቃል ገብተዋል። ይህን ሁሉ ከላክሁ ካምፓላም ሆነ ናይሮቢ ምሳ ሳልበላ ነው የምሠራው። ከሁለቱም አገር የሚወደደው ሶዶ ነው፣ አባዬ። ሰኞ መሄዱን ትቼዋለሁ ልላቸው ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ የውጭ አገር ደመወዝ ስንሰማ ብዙዎቻችን እዚያም ኪራይና ዳቦ ያለ አይመስለንም። ልጃችን ገና ሻንጣዋን ሳትገዛ ደመወዟን አከፋፍለን እንጨርሳለን፤ ይህን ደግሞ ፍቅር እንለዋለን።

አቶ ቦልቴ ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «እኔ ሰው ፊት ቀና ብዬ ልሂድ ብዬ ነው» አሉ። «ልጄ ይራብ ብዬ አይደለም።»

በዴሳ ወርደን ከብት ተራ ገባን። አንድ ቀይ በሬ፣ ሻኛው ወደ ጎን የተጋደመ፣ እዚያ ቆሟል። አቶ ቦልቴ ሻኛውን ዳሰሱት፣ ጎኑን መታ መታ አደረጉት፣ በረጅሙ ተነፈሱ። «ደህና ሁን» ብለውት ወደ እኔ ዞሩ።

«ማኅበሩ ይመልሰኛል?»

ለሰብሳቢያችን ለሀብታሙ ደወልኩና ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግሁት።

«ይመለሱ እንጂ!» አለ ሀብታሙ። «ያለፋቸውን መዋጮ ይክፈሉ። ሻኛ ግን ዘንድሮ የለም፤ ሳንባ ይደርሳቸዋል።»

«ሳንባም ሥጋ ነው» አሉ አቶ ቦልቴ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የሞተሩንም የቆርቆሮውንም ቃል እኔ ሄጄ እመልሳለሁ። አፌ ያመጣውን አፌ ይወጣዋል። አጥሩ ላይ ከምእመናኑ ጋር አዋጣለሁ። አንተ ብቻ ሰኞ እሺ በል።»

ሩት ገበያ መሐል አባቷን አቅፋ አለቀሰች። እኔም ቸኩዬ በሬ የምመርጥ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ሩት ካምፓላ ሄደች። ዛሬ ኪራይዋን በጊዜ ትከፍላለች፣ በየወሩ ጥቂት ታስቀምጣለች፣ ለወላጆቿም የቻለችውን ሳትጨነቅ ትልካለች። ቃል የተገባላቸው ዘመዶች ለጥቂት ጊዜ አኮረፉ፤ ከዚያ የአጎቷ ልጅ ሥራ ፈልጎ ያዘ። አቶ ቦልቴም ልጁ ውጭ ልትሄድ ነው የተባለ አባት ባገኙ ቁጥር «ጣሳውን አይተሃል?» ይሉታል።

በዚያው ጊፋታ ሥጋ ስንካፈል ሩት ከካምፓላ በቪዲዮ ደወለች። አባቷ ሳንባውን በሚያቃጥለው ዳጣ አጥቅሰው እያኘኩ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

«እንኳን አደረሰዎት፣ አባዬ! ለበዓሉ ምን ልላክልዎት?»

ሀብታሙ ሻኛ እየቆረጠ አያቸው። ሁላችንም አየናቸው። አቶ ቦልቴ የጎረሱትን ዋጡ።

«ምሳህን በላህ?» አሉ።

«በላሁ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ልከሃል» አሉና ሁለተኛውን ሳንባ ጎረሱ።