ጋሼ አሰግድ፣ ካርድዎ አልተዘጋም

ቢስሚላህ። ወገኖቼ፣ «ናፊሳ አምስት ደቂቃ ብቻ ትናገር» ብላችሁ ወስናችኋል አሉ። የወሰነው ሰው እኔን አያውቀኝም ማለት ነው። የማንጎ ጭማቂያችሁን ቀስ እያላችሁ ጠጡ፤ ኋላ ብርጭቆ አንሱ ስትባሉ ባዶ እንዳታነሱ።

ጋሼ አሰግድ፣ እርስዎም ይቀመጡ። ዛሬ የጡረታ መሸኛዎ ነው፤ ማምለጫ የለም።

መጀመሪያ የመጡበትን ቀን ላውራ። በዚያ የሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ጣርማ በር ላይ የደረቡትን ካፖርት እንደ ለበሱ ከአውቶቡስ ወረዱ። ቁልፉ ደግሞ አንድ ቀዳዳ ዘሎ ተቆልፏል። የሆስፒታላችን በር ላይ ያገኙትን ዘበኛችንን ሱሌይማንን፣ «ልጄ፣ ይሄ ካራቆሬ ነው አይደል?» አሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ ሸዋ ሮቢት ነው!»

«ተው እንጂ! ካራቆሬ ነው።»

ሱሌይማን አንጀቱ አይችልም። እጃቸውን ይዞ እኔ ዘንድ ካርድ ክፍል አመጣቸውና በጆሮዬ፣ «ናፊሳ፣ ጭንቅላታቸውን ተመተው ነው መሰል፤ ቶሎ ካርድ አውጪላቸው» አለኝ።

«ስምዎ ማነው አባቴ?»

«አሰግድ።»

«ሥራዎስ?»

«እዚሁ ነው የምሠራው። ዛሬ ጀመርኩ።»

«ልክ ነው አባቴ፤ አረፍ ይበሉ» አልኳቸው፣ ካርዱን እየጻፍኩ።

ወላሂ፣ ተሰልፈው ተቀመጡ! ኃላፊያችን መጥተው «ኧረ እኚህ አዲሱ የንግግር ሕክምና ባለሙያችን ናቸው!» እስኪሉ ድረስ ተራቸውን ጠበቁ። በኋላ ስጠይቃቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ያርመኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ጥሩ ዘበኛ አላችሁ።»

ነገሩ የገባን ቆይቶ ነው። ሰውዬው ሆን ብለው ይሳሳታሉ! አደጋ ደርሶበት ጭንቅላቱ የተጎዳ፣ ቃል የጠፋበት ሰው ሲመጣ፣ እኛ «ይሄ ምንድነው? ይሄስ?» እያልን እናስጨንቀዋለን። እሳቸው ሻይ በማበጠሪያ ያማስሉለታል። ጫማቸውን ግራና ቀኝ አዟዙረው ይገቡበታል። «ሰው ሲፈትኑት ይደነግጣል» ይላሉ፤ «ሲሳሳቱበት ግን ዝም ማለት አይችልም። በተለይ የእኛ አገር ሰው!»

ኸድርን ታውቁታላችሁ፤ ያ ጥግ ላይ ዳቦውን ብቻውን የከበበው። የሽንኩርት ገበሬ ነው። ከሞተር ወድቆ ሲመጣ ሚስቱ ብታዋራው፣ እኛ ብናዋራው፣ ከማፍጠጥ በቀር ምንም የለም። ጋሼ ግቢ አወጡትና ፊት ለፊቱ ቆፍረው የሽንኩርት ችግኝ ይተክሉ ጀመር። ቅጠሉን ወደ መሬት፣ ሥሩን ወደ ሰማይ! አንዱን መስመር ጨርሰው ሌላውን ሲጀምሩ ከኋላችን ምን ሰማን?

«አንተ ሰውዬ! አብደሃል እንዴ?»

ኸድር ነው! ሚስቱ እልል አለች። ጋሼ አፈሩን ከጉልበታቸው አራግፈው፣ «እንዴት ነው ታዲያ የሚተከለው?» አሉት። ሽንኩርቱ ሲደርስ ሁላችንም በልተናል።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ የመዳን ምልክቱ ይኸው ሆነ። ጋሼን «አንተ» ብሎ የሰደበ፣ እሱ ድኗል።

እኔም ሰድቤያቸዋለሁ። ባጃጁ ይዞኝ የተገለበጠ ጊዜ ነው። ይቺ ዛሬ «እረፊ» የምትሏት አፍ ባዶ ቀረች። ልጄ ሐያት አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «እማ፣ ስሜ ማነው?» ትለኛለች። ልጄ መሆኗን አውቃለሁ፤ ስሟ ግን አይመጣም። ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። ወንበሬ ላይም ሌላ ሰው ተቀምጧል። የልጇን ስም መጥራት ያቃታት ሴት፣ ካርድ ክፍል ተቀምጣ የማንን ስም ትጠራለች?

ጋሼ ጠዋት ጠዋት ብቅ ይሉና ልጄን «ትርንጎ፣ እንደምን አደርሽ?» ይሏታል። በማግስቱም «ትርንጎ፣ እናትሽ እንዴት ናት?» ደሜ ይፈላል፤ አፌ አይከፈትም። አንድ ቀን ጭራሽ ራሷን እየዳበሱ፣ «ትርንጎ! እናትሽ እንዴት ያለ ስም አውጥታልሻለች!» ሲሉ—

«ሐያት ናት! አንተ ሽማግሌ! ሐያት!»

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የሚስቁ መስሎን ነበር፤ መሐረባቸውን ሲያወጡ ነው ያወቅነው።

ጋሼ፣ «ሽማግሌ» ያልኩትን መልሼ አልውጠውም፤ እውነት ነው። ልጄ ስሟን ከእናቷ አፍ እንድትሰማ ስላደረጉልኝ ግን አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ። በወሬዬ የተሰላቸ ካለ፣ ክሱን እዚያ ለተቀመጡት ሰውዬ ያቅርብ።

አሁን አንድ ነገር ቀርቶናል። ታካሚያችን መምህርቷ ጸደንያ ይቺውና፣ ገና አልተናገረችም። ትናንት ጋሼ ሰሌዳ ላይ «ሁለትና ሁለት አምስት» ብለው ሲጽፉላት ቅንድቧ ተነሳ። ሲወጡ «ትንሽ ነበር የቀራት» አሉኝና ጠመኔውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ጡረታ የሚወጣ ሰው ጠመኔ ምን ያደርግለታል? ጸደንያዬ፣ ስላማሁሽ እንዳትቀየሚኝ፤ ከተቀየምሽም ተናገሪኝ!

ደንቡን አውቃለሁ፤ ሠራተኛ ጡረታ ይወጣል። እኔ ግን የካርድ ክፍል ሴት ነኝ፤ ትናንት ገብቼ ፈለግሁ። ይኸውላችሁ! ያን ቀን ያወጣሁላቸው ካርድ። ማንም አልዘጋውም። ታካሚ ደግሞ ጡረታ አይወጣም! ቀጠሮ ጽፌበታለሁ፦ ሰኞ ጠዋት፣ ከጸደንያ ጋር። ከቀሩ ሱሌይማን እጃቸውን ይዞ ያመጣቸዋል፤ ልምድ አለው።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ! ጋሼ አሰግድ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት፤ ጉልበትዎ አይዛል፣ ስህተትዎም አይጉደልብን።

እንኳን ወደ ካራቆሬ በደህና መጡ!