አንድ እግር ጫማ ይዘው የመጡት

በጤና ያሰባሰበን አምላክ ይመስገን። ወዳጆቼ፣ ብርጭቋችሁን ለጊዜው አስቀምጡ፤ የሽማግሌ ንግግር እንደ አሮጌ ምድጃ ነው፣ እስኪሞቅ ድረስ ያጨሳል።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሽ ቆዳ ወደዚህ የጥገና ክፍል የገቡ ዕለት በእጃቸው የነበረው አንድ እግር ጫማ ብቻ ነበር። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ደንግጦ፣ «ሌላኛውስ?» ቢላቸው፣ ረጋ ብለው፣ «እርሱማ ሥራ ጀምሯል፤ ተቆራርጦ ምድጃ ውስጥ ገብቷል» አሉት።

ነገሩ የገባን ውሎ አድሮ ነው። ለምንጠግናቸው ጥንታዊ ባለ ፓምፕ የካምፕ ምድጃዎች መለዋወጫ የሚያመርት ከጠፋ ቆየ። ፓምፑ አየር የሚገፋው ደግሞ ጫፉ ላይ ባለች ትንሽ የቆዳ ቆብ ነው፤ እርሷ ከደረቀች ምድጃው ጌጥ ነው። ጋሽ ቆዳ ያችን ቆብ ከአሮጌ ጫማ ይቆርጣሉ፤ በዘይት ነክረው፣ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ጠቅጥቀው ቅርጽ ያስይዟታል።

ታዲያ «አሮጌ» የሚባለው በእርሳቸው ዓይን ነው! የሒሳብ ሠራተኛችን ዝናብ ያራሰውን ጫማዋን ማሞቂያው ሥር አኑራ ብትመለስ የጫማው ምላስ ተቆርጦ የለም።

«ጋሼ፣ አዲስ እኮ ነው!»

«አትቆጪ ልጄ፤ እግርሽ ሥር ከሚረገጥ ይኸው ምድጃ ላይ ተሹሟል።»

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ጫማውን የሚያወልቅ አልተገኘም። ዛሬም ከአንዷ በቀር ሁላችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እንዳሰራችሁ አያለሁ። ደግ አደረጋችሁ!

ጠግነው ሲጨርሱ ምድጃዋን ይለኩሱና፣ «ዝም በሉ፣ እርሷ ትናገር» ብለው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። የዜማ መምህር ከጉባኤው መካከል የሳተውን ድምፅ እንደሚለይ፣ እርሳቸውም የምታፈተልከውን ጥቂት አየር ይለያሉ።

ባለቤቴ ባረፈች ዓመት፣ መንገድ ስንወጣ ሻይ ታፈላበት የነበረውን ምድጃ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርሁ። ሠርተው ለኮሱትና፣ «ድምፁ የድሮው ነው?» አሉኝ። ራሴን እስክነቀንቅ ድረስ አጠገቤ ቆሙ። ጋሽ ቆዳ፣ ያን ቀን ያልወጣኝን ምስጋና እነሆ ዛሬ በሰው ፊት ይቀበሉኝ።

አሁን እጃቸው ቢላዋ አይጨብጥም። በቀደም መሣሪያቸውን ሲጠርጉ፣ «እኔ ስወጣ እነዚህ ሁሉ ውዳቂ ብረት ናቸው» ሲሉ ሰማኋቸው። ጋሼ፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል። ፊትዎ ላለው ምድጃ ቆቡን የቆረጠችው ብረት የምትቀርጸው የቶርኖ ባለሙያችን ናት። ደጋግሞ ተቀደደባት፤ ደጋግማ ቆረጠች። ቆዳውን ከየት አመጣችው ቢሉ፣ እግሯን ይመልከቱ፤ አንዱ ባዶ ነው። እስካሁን አልለኮስነውም፤ ዳኛው እርስዎ ነዎትና።

ፓምፑን ግፊ፣ ልጄ። ክብሪቱን ጫሪ። እናንተ ዝም በሉ፤ እርሷ ትናገር።

...

ተናገረች! ምን አሉ ጋሼ? ጮክ ይበሉ፣ ኋላ ያሉትም ይስሙ!

«ሌላኛውን ጫማ እንዳትጥይው» አሏት!

ፍርዱ ተሰጠ፤ ለሚቀጥለው ምድጃም ቆዳ አለን ማለት ነው። እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሡ። ለእጃቸው ዕረፍት፣ ለጆሯቸው የልጅ ልጅ ሳቅ፣ ለዘመናቸው በረከት ይጨመርላቸው። እኛንም ባዶ እግራችንን ሳያስቀሩን ለምንሸኛቸው ለጋሽ ቆዳ!