ሦስተኛው ሰው

ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ ስንሄድ፣ ሚኒባሷ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለውን ወጣት ያዋሩት ጀመር።

«አካም ጅርታ ልጄ፣ ተማሪ ነህ?»

«ተመርቄያለሁ እማማ፤ በኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ።»

«ማሻአላህ! የኔም ልጅ ዘንድሮ እሱን ልማር ብሏል። ሥራው ምንድን ነው?»

«ፋብሪካ ውስጥ ብክነትን ማስቀረት ነው። ሁለት ሰው የሚጨርሰው ሥራ ላይ ሦስተኛ ሰው ከገባ፣ ሦስተኛውን እናስወጣለን።»

«ወላሂ ደግ ሙያ ነው! የት ፋብሪካ ገባህ?»

«ፋብሪካው የት አለና? ሰንበቴ ከብት ተራ ነው የምውለው።»

«ትነግዳለህ?»

«እደልላለሁ።»

«ሻጭና ገዢ መሐል እየገባህ?»

«አዎ፤ ሦስተኛው ሰው ሆኜ።»

«ያ ረቢ! ብቻህን ነህ?»

«አብረን የተመረቅን አራት ነን። ጨፋ ሮቢት ከብት ገበያ እንዳንሄድ፣ ሲቪል ኢንጂነሮቹ ይዘውታል።»

«ታዲያ ልጄን ምን ይሻለዋል?»

«አሁን የት ነው?»

«ወይፈናችንን ይዞ ገበያ ቀድሞኛል። ሸጬ ዩኒቨርሲቲ ልሸኘው ነው።»

«እንግዲያ ሌላ ደላላ እንዳይጠሩ፤ የሙያ ባልደረባዬን ወይፈን የምሸጠው እኔ ነኝ።»

እኔም ልጄ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደምትማር ማንም እንዳይጠይቀኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።