መጨረሻውን ያልነገሩን ጋሽ መጨረሻ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ወዳጆች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድም አሁን ከፊታችሁ ቆሞ ለሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ሁለት ጥብቅ ትእዛዝ ትተውለት አልፈዋል። አንደኛው ሰው ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ከጀመረ ወዲያውኑ ንባቡን እንዲያቆም ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚያስቅ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚስቀውን ሰው በዓይኑ እንዳይገሥጽ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ፊልምና ድራማ ሲገመግሙ የኖሩ ሰው የራሳቸው ዜና ሕይወት በደካማ አተራረክ እንዳይበላሽ ቢሰጉ አይፈረድባቸውም።

ጋሽ መጨረሻ፣ መቼም ከሐኪም ካርድ በስተቀር በሌላ ስም የጠራቸው የለምና እኛም በዚሁ እንጥራቸው፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። የአባታቸው ስፌት ቤት ከከተማው ትልቁ ሲኒማ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ስለነበር፣ ገና አፍ ሳይፈቱ ጀምሮ በጨርቅ ቁርጥራጭ ክምር ላይ ተቀምጠው፣ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ በየቀኑ ሁለት ፊልም ያለ ምስል እየሰሙ አደጉ። ያልታያቸውን ምስል ደግሞ ከራሳቸው እየፈጠሩ ለታናሽ ወንድማቸው ስለሚተርኩለት፣ ይህ ወንድማቸው እስከ ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ አየሁ የሚላቸው ፊልሞች ሁሉ የተሠሩት እዚያው ጨርቅ ክምር ላይ ነበር። አባታቸው በመጨረሻ ተሸንፈው ሁለቱንም አዳራሹ ውስጥ ያስገቧቸው ዕለት፣ በድምፁ ልስላሴ ደግ አባት ነው ብለው ለወራት ሲሟገቱለት የነበረው ሰውዬ የፊልሙ ቀንደኛ ሌባ ሆኖ ቢያገኙት፣ ግድግዳው ዋሽቶኛል ብለው ሳምንት ሙሉ ከስፌት ቤቱ ግድግዳ ጋር ተኳርፈዋል።

በትምህርት ቤት ከሒሳብ ጋር ተጣልተው፣ ከድርሰት ጋር ተፋቅረው ኖሩ። ስምንተኛ ክፍል ሳሉ የቋንቋ መምህራቸው የዕረፍት ጊዜያችሁን እንዴት አሳለፋችሁ የሚል ድርሰት ቢያዝዙ፣ እሳቸው ልጇን ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝታ ስለተመለሰች አንዲት የፊልም እናት አራት ገጽ ሙሉ ጽፈው አቀረቡ። መምህሩም ከርእሱ ወጥቷል በማለት ዜሮ ከሰጧቸው በኋላ፣ ከግርጌው በቀይ ቀለም፣ «የእናትየዋን ነገርከኝ፤ አንተስ ምን ሆንክ?» ብለው ጻፉበት። ጋሽ መጨረሻ ያችን ዜሮ ያለባትን ወረቀት እስከ ዕለተ ሞታቸው በጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ያኖሩ ሲሆን፣ ሒስ ማለት ለዚያች ጥያቄ በሐቅ መልስ መስጠት ነው እያሉ ለወጣት ጸሐፊዎች ያሳዩዋት ነበር።

ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ በአራሚነት ተቀጠሩ። ነጠላ ሰረዝ ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች ምሳ የማይበላላቸው፣ ጸሐፊውን ፎቅ ለፎቅ አሳድደው የሚያርሙ አራሚ እንደነበሩ ባልደረቦቻቸው እየሳቁ ይመሰክራሉ። የጋዜጣው የፊልም ጸሐፊ ሥራ በለቀቁበት ሳምንት፣ ባዶ የቀረውን የሰባተኛ ገጽ ጥግ እንዲሞሉ ዋና አዘጋጁ ቢያዝዟቸው፣ የጠፋ ባሏን ፍለጋ ስለወጣች አንዲት ሴት በሚተርክ አዲስ ፊልም ላይ የመጀመሪያውን ሒሳቸውን ጻፉ። ሦስት ጊዜ ቢያርሙት አንዲት ፊደል እንኳ አልጎደለችም። ይሁን እንጂ ስሜት ይዟቸው ሄዶ ኖሮ፣ ሴትየዋ ባሏን የት እንዳገኘችው፣ ምን ብላ እንደጠራችው፣ እሱም ዞር ብሎ አይቷት እንዳላወቃት ሁሉንም ዘርግፈውት ስለነበር፣ ነጠላ ሰረዝ የማታመልጣቸው አራሚ የጽሑፉን ትልቁን ስሕተት ሳያዩት ወደ ማተሚያ ቤት ላኩት።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ከጋዜጣው ቢሮ ፊት ለፊት ካለው መድኃኒት ቤት አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሱ ባለሙያ ጋዜጣውን እንደ ዱላ ጠቅልለው ገቡ። ፊልሙን ለማየት ከባልደረባቸው ጋር ለሦስት ሳምንት የሥራ ፈረቃ ሲለዋወጡ ቆይተው፣ ገና ቅዳሜ ሊገቡ ሲዘጋጁ ነበር ጽሑፉን ያነበቡት። ከአራሚው ጠረጴዛ ፊት ቆመው፣ «ሦስት ሳምንት የጠበቅሁትን በሦስት መስመር ጨረሱብኝ። አሁን ምን ያደርጉልኛል?» አሏቸው። ጋሽ መጨረሻም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወንበራቸውን አቀረቡላቸው፤ ሴትየዋም ንዴታቸውን እንደያዙ ተቀመጡበት። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ጥግ የይቅርታ ጽሑፍ ወጣ፤ ከእንግዲህ የማንንም መጨረሻ ቀድሜ ለማንም አልናገርም የሚል ቃልም ታተመበት። ለካሳ ይሆን ዘንድ እሳቸውም ራሳቸው ያላዩት አንድ አዲስ ፊልም ሊጋብዟቸው ቢጠይቁ፣ ባለመድኃኒቷ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተስማሙ፤ ይኸውም ሰውየው ማውራት ከጀመሩ ሴትየዋ ማንንም ሳይረብሹ ተነሥተው ለመውጣት ያመቻቸው ዘንድ በመጨረሻው ረድፍ እንዲቀመጡ ነው። ሰውየው አላወሩም፤ ሴትየዋም አልወጡም። በዓመቱ ተጋቡ።

አርባ አንድ ዓመት የዘለቀው «ከመጨረሻው ረድፍ» የተሰኘው ዓምዳቸውም፣ ቅጽል ስማቸውም የተወለደው እንግዲህ ከዚያች ቀን ነው። እዚያ ኋላ መቀመጥ ሥራቸውንም ቀየረው። ፊልሙን ከፊት፣ ሰዉን ደግሞ ከኋላ እያዩ፣ ዓይን ማልቀሱን ቢደብቅ ትከሻ እንደማይደብቅ ደረሱበት፤ ማስታወሻ ደብተራቸውም «እዚህ ላይ ስድስት ትከሻ»፣ «እዚህ ላይ ሙዚቃው ብቻውን አለቀሰ» በሚሉ መስመሮች ተሞላ። ሰው ባለቀሰ ቁጥር ዝናብ የሚያዘንቡ ዳይሬክተሮችን፣ ዝናቡ እንደ ተዋናይ ደመወዝ ይከፈለው እያሉ ቢተርቧቸውም፣ አንዲት ተዋናይት ባሏ ከወጣ በኋላ አንዲት ብርጭቆ ስታጥብ ለምን ያን ያህል እንደቆየች ግን ሙሉ ዓምድ ሊጽፉላት ይችሉ ነበር። ያንን ዓምድ አንብቦ ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ እናቱ ዘንድ የሄደ፣ ደርሶም የተጠራቀመ ዕቃዋን ያጠበ አንድ የባንክ ሠራተኛ የጻፈላቸው ደብዳቤ ከሽልማቶቻቸው ሁሉ በላይ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል።

የሕዝቡ ፍቅር ግን ፈተናም ነበረው። ታክሲ ሲሳፈሩ ሾፌሩ፣ ጥርስ ሲነቀሉ ሐኪሙ፣ ሁሉም የሚጠይቃቸው በመጨረሻ ይታረቃሉ ወይ፣ ታገባዋለች ወይ፣ ይሞታል ወይ ነው። ጸጉር አስተካካያቸው አንድ ቀን ምላጩን አንገታቸው ላይ አሳርፎ፣ ልጅቷ አባቷን ታገኘዋለች ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ጋሽ መጨረሻ በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አይተውት፣ ሥራህን ቀጥል ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከትዳራቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሴት ልጃቸው የሕፃናት መምህርት ስትሆን፣ ወንድ ልጃቸው የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ እሱም መብራት በጠፋ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሲኒማ አዳራሽ ውስጥ እንቅልፍ የሚወስደው ብቸኛው የቤተሰቡ አባል በመሆኑ፣ «ልጄ እስከ ፍጻሜው ነቅቶ ተመልክቶታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በዓምዳቸው ታሪክ ሁለት ጊዜ ብቻ የተሰጠ የመጨረሻው ከፍተኛ ምስጋና ሆኖ ኖሯል። የጋሽ መጨረሻን ጽሕፈት ማንበብ የሚችሉት ደግሞ የሐኪሞችን ማዘዣ ሲፈቱ የኖሩት ባለቤታቸው ብቻ ስለነበሩ፣ እያንዳንዱ ሒስ ወደ ጋዜጣው የሚሄደው እሳቸው በታይፕ ከገለበጡት በኋላ ነበር።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ግን የባለቤታቸው ዓይን መፍዘዝ ጀመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከብርሃንና ከጥላ በስተቀር የሚለዩት ነገር ጠፋ፤ ሒሱንም በቃል እየተነገራቸው በልማድ ጣት ይተይቡት ጀመር። ባለቤታቸው አላማረሩም፣ ሲኒማውን ብቻ ለእናንተ ትቼዋለሁ አሉ። ጋሽ መጨረሻ ይህን ሊቀበሉት አልቻሉም። ወደ ልጅነታቸው ግድግዳ ተመልሰው፣ አዲስ ፊልም ሲመጣ መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ፍጻሜው ይሰሙትና፣ ጆሮ የማያገኘው ነገር የቱ እንደሆነ ለይተው ካወቁ በኋላ ባለቤታቸውን ይዘው ተመልሰው ይገቡ ጀመር። «መሐረቡን አጣጥፋ መልሳ ኪሷ ከተተችው»፤ «እያየችው ነው፣ እሱ አያያትም»፤ ከዚህ የሚበልጥ አይናገሩም ነበር። ሹክሹክታው ማንንም የማይረብሸው በመጨረሻው ረድፍ በመሆኑ ቦታው እንደገና ውለታ ዋለላቸው፤ ውሎ አድሮ ግን ሰው ሹክሹክታውን ለመስማት ከፊታቸውና ከጎናቸው ያለውን ወንበር መሻማት ስለጀመረ፣ በዚያ አዳራሽ ከፊት ቀድሞ የሚሞላው የኋላው ሆነ። ባለቤታቸው ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ፣ ዓይኔ ጤነኛ ሳለ እንደዚያ አድርጌ ፊልም አይቼ አላውቅም ይላሉ።

ዘንድሮ ሕመም ከሲኒማ ቤት ቢያስቀራቸውም፣ እናንተም ሁላችሁ እንደምትከታተሉት የማያጠራጥረው፣ በየእሑዱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በቴሌቪዥን የሚተላለፈው የሁለቱ እህትማማቾች ድራማ ነበረላቸው። ታላቂቱ ከታች ልብስ እያጠበች፣ ታናሺቱ ከላይ ፎቅ እየኖረች፣ ሃያ ዓመት ቃል ሳይለዋወጡ በገመድ በሚወርድና በሚወጣ ቅርጫት ብቻ ዕቃ ይቀባበላሉ። ታላቂቱ አንድ ቀን የታናሿን ቀሚስ አጥባ ስትመልስ የወለቀውን አዝራር ራሷ ተክላበት እንደነበር ከተመልካቹ ሁሉ ያስተዋሉት የልብስ ሰፊው ልጅ ነበሩ። ለባለቤታቸው በሹክሹክታ ከነገሯቸው በኋላ፣ የመጨረሻው ዓምዳቸው በሆነው ጽሑፍ፣ «እነዚህ ሴቶች ሃያ ዓመት አልተነጋገሩም የሚል ሰው አዝራሯን አላያትም» ብለው ጻፉ።

የድራማው አዘጋጆች አክብሮት ስላላቸው የመጨረሻውን ክፍል ሦስት ሳምንት አስቀድመው ሆስፒታል ድረስ ላኩላቸው። ጋሽ መጨረሻ በአልጋቸው ላይ ሆነው በጆሮ ማዳመጫ ሲመለከቱት፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ይዘው ነበር፤ ከዚያ እጅም ብዙ ሳያነቡ አልቀሩም። ሲያልቅ፣ «ታረቁ?» ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ መጨረሻም፣ «እሑዱ ሲደርስ» አሉ።

ሐኪሙ ግን ያ እሑድ ሩቅ እንደሆነ ለሁለቱም ነግረዋቸው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው በበኩሉ፣ መጨረሻ ቀድሜ አልናገርም የሚለው ቃል ለአንባቢ የተገባ እንጂ ለሚስት እንዳልሆነ፣ ለእሳቸው ቢነግሯቸው ማንም እንደማይታዘባቸው ሊያግባባቸው ቢሞክር፣ አንተ ሰው ከጨርቅ ክምሩ ላይ መቼ ነው የምትወርደው ብለው ካበሻቀጡት በኋላ ወረቀትና እርሳስ እንዲያመጣላቸው አዘዙት። ባለቤታቸው የሚያነቡበት ዓይን ስለሌላቸው፣ ያ ማንም የማይፈታው ጽሕፈት ዘንድሮ አያዋጣምና፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል በፊደል እየለዩ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጽፈው ሰባት ገጽ ሹክሹክታ ሞሉ። በዳርና በዳሩም «ገመዱ ሲንቋቋ ይህን አንብቢ»፣ «ውሃው ሲቆም ዝም በይ» የሚሉ ማስታወሻዎች ይታዩ ነበር። ፖስታውን አሽገው ለሴት ልጃቸው ሲሰጧትም፣ ድራማው እስኪጀመር እንዳትከፍተው፣ አስቀድማ ካነበበችው ድምፅዋ እንደሚያሳብቅባት አስጠነቀቋት።

ትናንት ሐሙስ ጧት ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እንደከበቧቸው በሰላም አረፉ። የድራማው የመጨረሻ ክፍል የሚተላለፈው ከነገ ወዲያ ነው። አንዳንድ ዘመዶች፣ ሰው ቅር እንዳይለው በማሰብ፣ በሐዘን ቤት ቴሌቪዥን መክፈት እንዴት ይሆናል፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ ብለው ሐሳብ ቢያቀርቡ፣ ባለቤታቸው ካደመጧቸው በኋላ፣ «እሑድ ይከፈታል» አሉ፤ «ገና አልጨረሰልኝም።»

ጋሽ መጨረሻ የአርባ ዓመት የትዳር አጋራቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህን ያነበበላችሁን ታናሽ ወንድማቸውን፣ የመሳቢያውን ዜሮ፣ እንዲሁም ሐሙስ ጋዜጣ በወጣ ቁጥር በሰባተኛው ገጽ የሚጀምሩ አያሌ አንባቢዎችን ትተው አልፈዋል። እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በቤታቸው ወንበሮች በረድፍ ይደረደራሉና መምጣት የምትችሉ ሁሉ ኑ፤ ታረቁ ወይ ብላችሁ ግን ሴት ልጃቸውን አትጠይቋት፣ እሷም አታውቅም። የሰውን ሁሉ ፍጻሜ የሚያውቅና ቀድሞ የማይናገር ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥልን፤ እሳቸውንም የሁላችንም ትከሻ በሚታይበት በመጨረሻው ረድፍ፣ አጠገቡ አንድ ወንበር ባዶ በተተወለት መልካም ቦታ ያስቀምጥልን። አሜን።